የታሰረው ጥሩምባ

በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የታሰረው ወንጀሉ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ነው። እኔ ግን የታሰርኩት «ወንጀሉ ምንድን ነው?» ብዬ ስለ ጠየቅኩ ነው። የጠየቅኩትም ስለ ራሴ አልነበረም፤ ስለ አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ዛሬ ጡረታ የወጣሁ ጠበቃ ነኝ። በሙያዬ ብዙ ተከራክሬያለሁ፣ ብዙ ጊዜም ተረትቻለሁ። ዳኛ ሆኜ የተቀመጥኩት ግን በሕይወቴ አንዴ፣ ለሰባት ወር ብቻ፣ ጉለሌ ውስጥ በሰፈሬ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ነው። እሱንም ተባርሬ ነው የወጣሁት። አልጸጸትም።

ጊዜው ደርግ ሥልጣኑን አደላድሎ የያዘበት፣ ሰዓት እላፊው ግን ገና ያልተነሣበት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አንድ ፋብሪካ በታይፒስትነት እሠራለሁ፤ ከእናቴ ጋር ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለ ሰፈር እንኖራለን። ለሸንጎ የተመረጥኩት ሕግ ዐውቄ እንዳይመስላችሁ። የምርጫው ዕለት ዘግይቼ ደረስኩና ከፊተኛው ወንበር በቀር ባዶ ቦታ አጣሁ። መድረክ ላይ ያለው ሰው ሴት ዳኛ ሲፈልግ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው እኔ ላይ ነው። «ጓዲት ጽጌ! የሚቃወም አለ?» ማን ይቃወማል። ጽሕፈት ስለምችል ጸሐፊነቱንም ደረቡልኝ።

ሌሎቹ ዳኞች ሁለት ነበሩ። ሰብሳቢያችን አቶ ወርቅነህ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ግን ጥላቸውን የሚፈሩ። ሌላው ሐጂ ሙሄ ከወሎ መጥተው ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ከከፈቱ ዘመን የቆጠሩ ባለሱቅ ናቸው። ሦስታችንም የሁለት ሳምንት ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኛችን፣ አንድ ቀጭን የሕግ ሰው፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል ጻፈ፦ ሕግ፣ ድርጊት፣ ሐሳብ።

«አንድን ነገር ወንጀል ለማለት አስቀድሞ የሚከለክለው ሕግ መኖር አለበት። ሰውየው ያንን የተከለከለ ነገር ማድረግ አለበት። ሲያደርገውም ዐውቆና አስቦ መሆን አለበት። ሦስት ጉልቻ በሉት፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቀመጥም» አለን። ወንጀልና ደንብ መተላለፍም አንድ እንዳልሆኑ ነገረን። መንገድ ላይ ቆሻሻ መድፋት ደንብ መተላለፍ ነው፤ በተግሣጽ ወይም በቀላል ቅጣት ያልቃል፤ የእኛም ሥልጣን እዚያ ላይ ያበቃል። ከባዱ ወንጀል ወደ በላይ ይላካል። በዚያን ጊዜ «ወደ በላይ ተላከ» የተባለ ሰው መቼ እንደሚመለስ፣ መመለሱንም ጭምር፣ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ ጎረቤታችን እማማ ትብለጥ ዐረፉ። ጥጥ ፈትለው ለሸማኔ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው ባልቴት ነበሩ። እናቴ ሥራ ስትውል አብልተው፣ አጥበው፣ ቆንጥጠው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እሑድ ደግሞ ቀበሌው የግዴታ ስብሰባ ጠርቷል። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው አንድ ካድሬ መጥቶ ንግግር ያደርጋል ተብሎ አዳራሹ በቀይ ጨርቅ ተሸልሟል።

ንጋት ላይ ጋሽ ደምሴ ወጡ። ጋሽ ደምሴ በአዘቦት ቀን ሸማኔ፣ ሰው ሲሞት የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። እንደ ልማዳቸው ከታች ከአስፋልቱ ጀምረው ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት እየወጡ በየማዕዘኑ ይነፋሉ፤ ከዚያ ቆም ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ያሉትን ከመኝታዬ ሆኜ ሰምቻለሁ። «እድርተኛ ሁሉ ስማ! እማማ ትብለጥ ዐርፈዋል። ቀብር አራት ሰዓት ላይ ነው።» ስብሰባውም አራት ሰዓት ላይ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። እኔ ስብሰባ ሄድኩ። ምን ያስዋሸኛል፣ ፈርቼ ነው። ዳኛ ሆኜ ቀርታለች እንዳልባል ብዬ ያሳደጉኝን ሴት ሳልቀብር ቀረሁ። አዳራሹ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ካድሬው ለባዶ አግዳሚ ስለ ሰፊው ሕዝብ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። መሀል ላይ ሰፊው ሕዝብ ራሱ አስከሬን ተሸክሞ በመስኮቱ ሥር አለፈ፤ ኮቴው አልፎ እስኪያልቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ። የሊቀመንበራችን የጓድ ተክሉ ፊት ከተሰቀለው ጨርቅ ጋር አንድ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደምሴን ከሽመና ጉድጓዳቸው አስነሥተው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ አሰሯቸው። ጥሩምባቸው ደግሞ የክስ ማስረጃ ነው ተብሎ «ኤግዚቢት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ሊቀመንበሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ጓድ ተክሉ አስጠራኝ።

«ይቺን ነገ ሦስታችሁም ፈርሙባት» አለና አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ተከሳሹ «በጥሩምባ ፀረ-አብዮት ቅስቀሳ በማድረግ የሰፊውን ሕዝብ ስብሰባ በትኗል» ይላል። ጉዳዩ ከሥልጣናችን በላይ የሆነ ከባድ ወንጀል ስለ ሆነ ወደ በላይ እንዲላክ ሸንጎው ወስኗል ብሎ ይጨርሳል። ሳንሰበሰብ ወስነናል ማለት ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰውየውን እኮ ገና አልሰማናቸውም።»

«ጥሩምባውን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ሞትን በጥሩምባ መናገር የሚከለክለው የትኛው ሕግ እንደ ሆነ ግን ወረቀቱ ላይ አላየሁም።»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። «አንቺ ስብሰባው ላይ ነበርሽ። ጥሩ ልጅ ነሽ። እናትሽ ግን አልነበረችም» አለ። ወረቀቱን በጣቱ መታ አድርጎ ጨመረ፦ «ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ሰውየውን የሚወስደው መኪና ይመጣል።»

ያቺ «ጥሩ ልጅ ነሽ» አልለቅ አለችኝ። ጥሩ ልጅ ያሰኘኝ እማማ ትብለጥን አለመቅበሬ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራሁት እሱን ነው፤ ከቢሮው ስወጣ ግን በራሴ ተናድጄ ነበር። ንዴት ደግሞ ከፍርሃት ይሻላል፤ ቢያንስ ያስኬዳል።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

«ፈርሚና አርፈሽ ተቀመጪ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለችኝ።

«ጋሽ ደምሴስ?»

እራት በላን፣ ዕቃ አጠበች፣ እሳቱን አዳፈነች። ኋላ ላይ ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ፣ «የአባትሽን ሞት የለፈፈው እሱ ነው። ዝናብ ነበር፤ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሄዷል» አለችና ተኛች።

ረቡዕ ከሥራ አስፈቅጄ በስድስት ሰዓት ሸንጎው አዳራሽ ገባሁ። አቶ ወርቅነህ ቀድመውኝ ፈርመዋል። «ስድስት ልጅ አለኝ ጽጌ» አሉኝ ዓይኔን ሳያዩ። ምን እላቸዋለሁ፣ ልጆቹን ሁሉ በስም ዐውቃቸዋለሁ። ሐጂ ሙሄ ወረቀቱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። «እስቲ መጀመሪያ ሰውየውን እንስማ። ፊርማ የትም አይሄድም» አሉ። ከሁለታችን አንዳችን ከፈረምን ጋሽ ደምሴ ዛሬ መኪናው ላይ ይወጣሉ።

ጋሽ ደምሴ ሁለት ቀን ታስረው እንኳ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር። ጓድ ተክሉ ከሳሽ ሆኖ ከጎናቸው ቆመ።

«እሑድ ዕለት ምን ብለው ነፉ?» ብዬ ጀመርኩ።

«ጥሩምባ ምን ይላል ልጄ? ጡ ነው የሚለው።»

ሐጂ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። «በአፍዎስ?» አልኳቸው።

«እማማ ትብለጥ ዐርፈዋል፣ ቀብር አራት ሰዓት ላይ ነው አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።»

«ስብሰባ መኖሩን ያውቁ ነበር?»

«ዐውቅ ነበር። ግን ሬሳ ቀጠሮ አይቀበልም። እሳቸው ደግሞ ሰው የላቸውም፤ እኔ ካልጠራሁ ማን ይቀብራቸዋል?»

«ሰዓት እላፊ ጥሶ ነው የነፋው!» አለ ጓድ ተክሉ። «በዚያ ብቻ እንኳ ወንጀለኛ ነው።»

ይህ ከባድ ነበር፤ ሰዓት እላፊ በእርግጥም የተከለከለ ነገር ነው። ሌሊቱን ኬላ ላይ ያደረውን አብዮት ጠባቂ በላቸውን አስጠራን። በላቸው ጠመንጃውን ከትከሻ ትከሻ እያዘዋወረ፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ሰዓት እላፊው በአሥራ አንድ አብቅቶ ከኬላው ወርጃለሁ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለው ሊቀመንበሩ ጥርሱን ነክሶ።

«አዎ ጓድ። ልብስ ለመቀየር ቤቴ ስገባ ነው የሰማሁት። ከዚያ… እ… ማለቴ፣ ቀብር ሄድኩ። እድሩ ቀሪ ይቀጣል።»

ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት። ጓድ ተክሉን ላብ አጠመቀው፤ ያኔ ነው ያን ትልቅ ስሕተት የሠራው። «አነፋፉ ራሱ ቅስቀሳ ነበረው! ካላመናችሁ እዚሁ ይንፋና ስሙት» ብሎ ሄዶ ጥሩምባውን ከቁም ሣጥኑ አመጣው።

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ጌታዬ፣ ሰው ሳይሞት ጥሩምባ አይነፋም። ነውር ነው።»

«አዝዤሃለሁ! እንደዚያ ቀን አድርገህ፣ በሩ ላይ ቆመህ ንፋ!»

ጋሽ ደምሴ እኛን አዩን። አቶ ወርቅነህ አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ትከሻቸውን ሰበቁና፣ «እንግዲህ ካዘዙ ምን ይደረጋል» አሉ። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ወጡ። ሦስት ጊዜ ነፉ።

የጉለሌ ሰው የሆናችሁ ቀጥሎ የሆነውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ሴቶቹ መጡ፣ ነጠላቸውን እየተከናነቡ። ከዚያ ሸማኔዎቹ ከየጉድጓዳቸው ወጥተው መጡ። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን በሩ ላይ አውርደው ገቡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ቋሚ በትከሻቸው ይዘው ደረሱ። ግቢው ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ አንዱ።

ጋሽ ደምሴ ጥሩምባቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማንም አልሞተም። ሊቀመንበሩ ንፋ ብለውኝ ነው» አሉ።

ከመሀል አንድ የሴት ድምፅ ተሰማ። «ማንም ካልሞተ፣ ቀድማችሁ የጠራችሁን ማንን ልትገድሉ ነው?»

እናቴ ነበረች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ያለችኝ እናቴ።

«ተበተኑ!» አለ ጓድ ተክሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ለቅሶ የተጠራ ሰው ሳይሰናበት አይሄድም፤ ልማዱ ነው። መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ሰዎቹን ሳያቸው ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መዝገቡ ላይ የምጽፈው ስለ ቸገረኝ ልጠይቅዎት። እሑድ ጥሩምባ ተነፋ፣ ሰው ተሰበሰበ። ዛሬም ጥሩምባ ተነፋ፣ ሰው ተሰበሰበ። የእሑዱ ወንጀል ከሆነ የዛሬውን ምን ልበለው? ዛሬ ያስነፉት እርስዎ ነዎት። በስምዎ ሁለተኛ መዝገብ ልክፈት?»

«እኔ ሕዝብ ልሰበስብ አስቤ ነው እንዴ ያስነፋሁት?» ብሎ ጮኸ።

«አላሰቡም። ይኸው ጻፍኩት። እሳቸውም ስብሰባ ልበትን ብለው አላሰቡም፤ ሞት ሊናገሩ ነው የወጡት። ለእርስዎ የሠራው ለእሳቸውም ይሠራል።»

ሐጂ ሙሄ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ወረቀት ወደ ጠረጴዛው መለሱት፤ አልፈረሙበትም። «የሚከለክል ሕግ አልቀረበልንም። ክፉ ሐሳብም አላየንም። የቀረው መንፋቱ ብቻ ነው። ድስት በአንድ ጉልቻ አይቀመጥም። ልጄ፣ አዲስ ወረቀት አምጪና ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ድርጊቱ በሕግ ወንጀልም ደንብ መተላለፍም ሆኖ ስላልተገኘ ተከሳሹ በነፃ ተሰናብተዋል። እኔ ፈረምኩ፣ ሐጂ ፈረሙ፤ ሁለት ለአንድ። ስምንት ሰዓት ላይ የመጣችው መኪና በሕዝቡ መሀል ማለፊያ አጥታ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ባዶዋን ዞራ ሄደች።

«ይህን ሸንጎ አፈርሰዋለሁ» አለኝ ጓድ ተክሉ ከንፈሩን ሳያላቅቅ።

«ያፍርሱት። ውሳኔው ግን ተጽፏል» አልኩት። ከየት ያመጣሁት ድፍረት እንደ ሆነ ዛሬም አላውቅም።

አልቆየም። በማግስቱ ማታ በላቸውና አንድ ጓደኛው ከቤት ወሰዱኝ። ጋሽ ደምሴ የታሰሩባት ክፍል ውስጥ ነው ያስገቡኝ፤ ወለሉ ላይ ከልብሳቸው የረገፈ ጥጥ ነበር።

«በላቸው፣ ወንጀሌ ምንድን ነው?» አልኩት በሩን ሲዘጋ።

«ገና አልተወሰነም» አለኝ። ምስኪን፣ እፍረቱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ይህችን መልስ ለዘጠኝ ቀን አላመጥኳት። ሰውየው መጀመሪያ ይታሰራል፣ ወንጀሉ ኋላ ይፈለግለታል። አሠልጣኙ በጥቁር ሰሌዳ ያስተማረኝን ነገር በደንብ የገባኝ እዚያ ወለል ላይ ነው። ሕግ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ የማንኛችንም ወንጀል «ገና አልተወሰነም» ነው። እናቴ ምግብ በምታመጣበት ጊዜ ጋሽ ደምሴ ጥሩምባቸውን ቢጠይቁ እንደተከለከሉ ነገረችኝ። እሳቸው ተፈትተዋል፤ ጥሩምባው ግን እንደ እኔ ታስሯል።

በአሥረኛው ቀን ንጋት ላይ በሩ ተከፈተ። ጓድ ተክሉ ነው፤ ጋቢ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጥሩምባውን በአንድ እጁ፣ ባዶ ወረቀት በሌላው ይዞ።

«እናቴ ዐረፈች» አለኝ።

ሌሊት ነው የሞቱት። ነጋ ሲል ጥሩምባውን ይዞ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄዷል። ጋሽ ደምሴ ግን፣ «ይህ እኮ ኤግዚቢት ነው። ያለ ዳኛ ትእዛዝ ብነካው ወንጀል ይሆንብኛል» አሉት። ሐጂ ሙሄ ዘንድ ሄደ። ሐጂ ነፍስ ይማር ካሉት በኋላ፣ «የኤግዚቢት መልቀቂያ የምትጽፈው ጸሐፊዋ ናት። የት እንዳለች እርስዎ ያውቃሉ» አሉት።

«እባክሽ ፈርሚልኝ» አለኝ።

አልዋሻችሁም፣ ልቤ ደስ አለው። ይቅርብህ፣ እናትህም ሰው ሳይጠራላቸው ይቀበሩ ልለው ፈለግሁ። ከዚያ እማማ ትብለጥ ትዝ አሉኝ። የእሱ እናት ምን አጠፉ? ባጠፋ ላይ እንጂ በእናቱ ላይ አይፈረድም።

«እፈርማለሁ። መጀመሪያ ግን ወንጀሌን ይንገሩኝ» አልኩት።

ውጭ ወፎች መንጫጫት ጀምረዋል። «ወንጀል የለብሽም» አለ በመጨረሻ።

«ይጻፍ።»

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ጀርባው ላይ «ጽጌ ምንም ወንጀል ስላልተገኘባት ተለቃለች» ብሎ ጻፈና ፈረመ። እኔ ገልብጬ በፊተኛው ገጽ የጥሩምባውን መልቀቂያ ጽፌ ፈረምኩ። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ደምሴ ከአስፋልቱ ጀምረው ሲነፉ ተሰማ። ያደፈ ልብሴን እንደ ለበስኩ፣ ቤቴ ሳልደርስ ቀብር ሄድኩ። ከሰው ኋላ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ እኔና እማማ ትብለጥ እናውቃለን።

ከሸንጎው በዚያው ሳምንት ተባረርኩ። ከዚያ በኋላ በማታው ትምህርት ሕግ አጠናሁ፤ ዓመታት ፈጀብኝ። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ነገር ተለወጠ፤ ሰውን ቀድሞ ወንጀለኛ ብሎ ወንጀሉን ኋላ መፈለግ ግን የአንድ መንግሥት ጠባይ ብቻ አይደለም። በየመንደሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤታችንም አለ። ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ሰው ወንጀለኛ ነው ሲሏችሁ የትኛው ሕግ፣ የትኛው ድርጊት፣ በምን ሐሳብ ብላችሁ ጠይቁ። ያስቀይማል፤ እኔን ዘጠኝ ሌሊት ጥጥ ላይ አስተኝቶኛል። ቢሆንም ጠይቁ።

ጋሽ ደምሴ ከጥሩምባው ጋር የደረሰቻቸውን ያቺን ወረቀት ለዓመታት ከሽመና መወርወሪያቸው ጋር አስቀምጠው፣ የተመረቅኩ ዕለት አምጥተው ሰጡኝ። ዛሬም አለችኝ። በአንዱ ገጽ ጥሩምባው ይለቀቃል፣ በሌላው ገጽ እኔ እለቀቃለሁ። ሁለታችንም የተፈታነው በአንድ ወረቀት ነው።